ቦሎ ያለው መኪና ለምን ፍሬን ይበጥሳል?

በሰባተኛ ክፍል ስለ ሰበቃ ኃይል ስናስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ቦሎ ያለው መኪና ፍሬን ይበጥሳል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን የምሩን ነበር። አባቱ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ይነዳል። በዚያው ሳምንት የአባቱ ባልደረባ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጥሶ ሆስፒታል ገብቶ ነበር፤ መኪናው ቦሎ ካወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። የልጁ እናት ቤት ውስጥ «ታዲያ ምኑን መረመሩት?» እያለች ስትናደድ ሰምቷል።

በዚያን ዕለት የመለስኩለት መልስ አላረካኝም። በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ ሰፋ አድርጌ ልመልስለት ብዬ ብዕር አነሣሁ። ከትምህርት ቤታችን ልጆች ስንቶቹ የሾፌር ልጆች እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ርእሱ አይገርመውም።

በቅድሚያ ቃሉን እንይ። «ቦሎ» ከጣሊያንኛው «ቦሎ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ማኅተም ወይም የቴምብር ምልክት ማለት ነው። ጣሊያኖች መኪናውን ሲያመጡ ስሞቹንም ይዘው መጥተዋል። ታርጋ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ ሁሉም ከዚያ ወገን ናቸው። የቋንቋ መምህራችን ይህን ዝርዝር ሳሳያቸው፣ ጋራዥ ውስጥ ከ«መሪ» በቀር የአማርኛ ሥር ያለው ቃል ማግኘት ከባድ ነው ብለው ቀልደዋል። እውነት ሳይሆን አይቀርም።

እኛ «ቦሎ» የምንለው በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ነው። ወረቀቱ መኪናው በዚያ ዓመት የቴክኒክ ምርመራ ማለፉን ያሳያል። የኢትዮጵያ ሰሌዳ ያለው ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር የሚያዘው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። እዚህ የጅቡቲ ሰሌዳ ያላቸው ወላጆች የአገሩን ደንብ ይከተላሉ። እኔ የምጽፈው ስለ ኢትዮጵያ ሰሌዳ ነው፤ ፒኬ 12 ላይ ተሰልፈው የምናያቸው መኪኖች አብዛኞቹ የዚያ ናቸውና።

ምርመራው ምን ይመስላል?

መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው መኪናው ራሱ መሆኑን ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰል አለበት። ሞተር ቀይረው ሊብሬው ላይ ሳያስመዘግቡ የሚሄዱ ባለንብረቶች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ቀጥሎ መብራቶች፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ስፖኪዮ፣ የመቀመጫ ቀበቶ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥንና ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ምልክት ይታያሉ። ይህ ክፍል ቀላል ነው፤ የሚያሳፍረውም ለዚሁ ነው። በአንዲት አምፖል ምክንያት ተመልሶ ሌላ ቀን የሚሰለፍ ሾፌር ብዙ ነው።

ከዚያ መኪናው ጉድጓድ ላይ ይቆምና ከታች ይታያል። መሪው ሲዞር ጎማው ወዲያው ይታዘዛል ወይስ መሐል ላይ የሚባክን እንቅስቃሴ አለ? ቴስቲናው ልቅ ነው? ባሌስትራው ተሰንጥቋል? ዘይት ያንጠባጥባል? እነዚህን ሾፌሩ ከላይ ሆኖ አያያቸውም። ቀስ በቀስ ስለሚመጡም ይለምዳቸዋል፤ እጁ ከልቁ መሪ ጋር ተስማምቶ ይነዳል።

ጭሱም ይለካል። እናንተ ተማሪዎች መሣሪያ ባይኖራችሁም ቀለሙን አይታችሁ ብዙ መናገር ትችላላችሁ። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በቂ አየር አላገኘም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል ወይም የናፍጣ መርጫው ተበላሽቷል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ካለ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውኃ ይጠረጠራል።

ወደ ልጁ ጥያቄ የሚያደርሰን ግን የፍሬን መለኪያው ነው። መኪናው ጎማዎቹን በሁለት ተሽከርካሪ በርሜሎች መሐል ያስገባል። በርሜሎቹ ጎማውን ያዞሩታል፤ ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል፤ መሣሪያው እያንዳንዱ ጎማ በስንት ኒውተን ኃይል እንደታገለ ይመዘግባል። የሁሉም ጎማዎች የፍሬን ኃይል ተደምሮ ለመኪናው ክብደት ሲካፈል የፍሬን ብቃት ይባላል። ለምሳሌ 10 ቶን የሆነ መኪና ክብደቱ 98,000 ኒውተን ያህል ነው። የጎማዎቹ ድምር 49,000 ኒውተን ከሆነ ብቃቱ 50 በመቶ ነው።

የግራና የቀኙ ልዩነትም ይታያል። የግራው ጎማ 20,000፣ የቀኙ 12,000 ኒውተን ቢይዝ ድምሩ ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቀኙ ከግራው በ40 በመቶ አንሷል። እንዲህ ያለ መኪና በድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ይጎትታል፤ በግራ በኩል ደግሞ ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና አለ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ይህ ልዩነት ከ30 በመቶ ካለፈ መኪናው ይወድቃል።

አሁን ደብተር አውጡ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 16.7 ሜትር ነው። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት 17 ሜትር ያህል ሄዷል። ከዚያ በ50 በመቶ ብቃት ለመቆም 28 ሜትር ይፈልጋል፤ ድምሩ 45 ሜትር። ብቃቱ ወደ 25 በመቶ ቢወርድ የፍሬኑ ርቀት እጥፍ፣ 57 ሜትር ይሆንና ድምሩ 74 ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው 29 ሜትር ከእኛ ትምህርት ቤት በር ተነሥቶ መንገዱን ተሻግሮ ሱቁ ድረስ ነው፤ ልጆች ለካነው።

እስቲ ሌላ ሒሳብ ጨምሩ። ፍሬኑ ጤነኛ፣ 50 በመቶ ሆኖ ሾፌሩ በ80 ቢነዳስ? ለማሰብ 22፣ ለመቆም 50፣ በጠቅላላው 72 ሜትር። ማለትም ፍጥነቱን ከ60 ወደ 80 ያሳደገ ሾፌር የፍሬኑን ግማሽ አውልቆ የጣለ ያህል ነው። መርማሪው ያረጋገጠውን ጥሩ ፍሬን ሾፌሩ በእግሩ ብቻ ሊያጠፋው ይችላል።

«በጠሰ» ስንል ምን ተበጠሰ?

«ፍሬን በጠሰ» እንላለን። ልጆች አንድ ሽቦ የተበጠሰ ይመስላቸዋል። በትናንሽ መኪኖች ላይ የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቱቦ ሊፈነዳ ይችላልና አባባሉ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ከባድ መኪና ግን ፍሬኑ በአየር ነው። በዘመናዊው የአየር ፍሬን ላይ አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ ጠንካራ ሞላ ፍሬኑን ራሱ ይይዘዋል፤ መኪናው አልሄድም ይላል እንጂ አያመልጥም። ታዲያ ቁልቁለት ላይ የሚያመልጠው ለምንድን ነው?

በአብዛኛው በሙቀት ነው። ከባድ መኪና ጭነቱን ይዞ 40 ቶን ቢሆንና 500 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ ክብደቱ በከፍታው ሲባዛ 196 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይወጣል። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ውኃ እናፍላ። አንድ ሊትር ውኃ ከ25 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 315,000 ጁል ይበቃል። ስለዚህ የዚያ ቁልቁለት ጉልበት ከ620 ሊትር በላይ፣ ማለትም 31 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ያፈላል። ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ ይህ ሁሉ ጉልበት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ከወረደ ሞተሩ ድርሻውን ይወስዳል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ኒውትራል ካደረገ ግን ሁሉም የፍሬን ሸራና ታምቡር ላይ ይወድቃል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም በግለት ተቃጥሎ ሰበቃው ይቀንሳል። ሾፌሩ ይረግጣል፣ አየሩ ይገፋል፣ ሸራው ይንቀሳቀሳል፤ የሚይዝ ነገር የለም። ምንም ነገር አልተበጠሰም። መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ መካኒክ ቢያየው ፍሬኑ «ደኅና» ሊሆን ይችላል። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ፊዚክስ ተምረው አይደለም፤ ልክ ግን ናቸው።

ልጁ የጠየቀኝ ጥያቄ መልስ እዚህ አለ። ምርመራው የሚካሄደው ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ በቀዘቀዘ ፍሬን፣ ብዙውን ጊዜም በባዶ መኪና ነው። ቦሎ መኪናው በዚያ ቀን፣ በዚያ ሁኔታ ምን እንደነበር ይነግረናል። የሸራው ውፍረት፣ የአየሩ ማፍሰስ፣ የግራና የቀኙ ልዩነት ቀድሞ ከታየ ታምቡሩ በቀላሉ አይግልም፤ ስለዚህ ምርመራው ከንቱ አይደለም። የልጁን እናት ግን ልንገርዎ፦ ምርመራው ያላያቸው 364 ቀናት አሉ።

የተዋስነው ጎማ

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ክረምት ክረምት የአጎቴ ረዳት ነበርኩ። አጎቴ እስከ 1990 ዓ.ም. የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ አሰብ ሲዘጋ እንደ ሌሎቹ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጥሩ ሰው፣ ጥንቁቅ ሾፌር ነበር፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። የቦሎ ጊዜ ሲደርስ የፊት ጎማዎቹ ጥርስ አልቆ ነበር። አዲስ ጎማ የሁለት ወር ገቢውን ይበላል። አንድ ጓደኛው ሁለት ጎማ አዋሰው። ብሎኖቹን የፈታሁት፣ የተዋስነውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። መኪናው አለፈ። ማታውኑ ጎማዎቹን አንከባልዬ ለባለቤቱ መለስኩ፤ አጎቴ ሻይ ጋበዘኝ፤ ጮሌ የሆንን መስሎን ሳቅን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚሌን አልፈን፣ በጠራራ ፀሐይ የፊት ቀኝ ጎማችን ፈነዳ። የኋላ ጎማ ጥንድ ስለሆነ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ይሸከማል፤ የፊቱ ግን ብቻውን ነው፣ መሪውም በእርሱ ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ወርዶ በጎኑ ተኛ። የእኔ ክንድ ተሰበረ፤ የአጎቴ ወገብ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። መንገድ ዳር ከብት የሚጠብቁ ልጆች እኛ ከመድረሳችን በፊት ተሻግረው ነበር። ስንት ደቂቃ በፊት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ማወቅ አልፈለግሁም። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ቦሎውን ጠየቀ፤ ቦሎው አዲስና ሕጋዊ ነበር።

ጎማ ላይ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ቶሎ ላስረዳ። አየሩ ያነሰ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል። አፋር በረሃ ላይ አስፋልቱ ራሱ ይጋግራል። ያረጀ ላስቲክ ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከላስቲኩ ይላቀቃል። የጥርስ ጥልቀት በብዙ አገሮች ለትንንሽ መኪኖች ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት ይባላል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማም ግን አደገኛ ነው።

ወላጆች እንዴት ይዘጋጁ?

ከሁሉ በፊት ጊዜ ነው። ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቁ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ቦሎው እዚህ ጅቡቲ እያላችሁ ካለቀ የምታድሱት እዚህ አይደለም። ስለዚህ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አታድርሱት። የመጨረሻው ሳምንት ሰልፉ ረጅም ነው፤ መውደቅ ደግሞ ያኔ ይጎዳል፤ ጠግኖ ለመመለስ ቀን የለም።

የሚያስፈልጉት ሰነዶች ጥቂት ናቸው፦ ሊብሬ፣ የባለንብረቱ ወይም የወኪሉ መታወቂያና ውክልና፣ ያለፈው ዓመት ቦሎ፣ ጊዜው ያላለፈ የሦስተኛ ወገን መድን። መድኑ አስቀድሞ መታደስ አለበት፤ ያለ እርሱ ቦሎ አይሰጥም። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለም አስቀድሞ ቢዘጋ መልካም ነው። ድንበር ለሚሻገር መኪና የኮሜሳ ቢጫ ካርድም አለ፤ ይህ ከቦሎ የተለየ ሰነድ ነው፤ ጅቡቲ ውስጥ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚያገለግለው እርሱ ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ባለንብረቶች አጋጥመውኛል።

ተሳቢውን አትርሱት። የራሱ ሰሌዳ፣ የራሱ ሊብሬ አለው፤ ምርመራውም የራሱ ነው። ሾፌር ሞተር ያለውን ይንከባከባል፤ ተሳቢው ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ይጎተትና ፍሬኑ ማንም ሳያየው ይበላል። የተሳቢ ፍሬን ካልያዘ ደግሞ ተሳቢው ራሱን መኪና ከኋላ ይገፋዋል።

ከምርመራው ሳምንት ቀደም ብሎ የምታምኑት ጋራዥ ሸራውን፣ ቴስቲናውንና ባሌስትራውን ቢያይላችሁ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ቀን ሰልፍ ይረክሳል። የአየር ጋኖቹን ውኃ በየቀኑ ማፍሰስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አየር ሲታመቅ እርጥበቱ ውኃ ሆኖ ጋኑ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጅቡቲ ደግሞ አየሩ ራሱ ውኃ ነው። መኪናው ቢወድቅ መርማሪውን አትቆጡ፤ የጎደለውን በጽሑፍ ተቀብላችሁ አስጠግኑና ተመለሱ። ከውጭ ቆሞ «እኔ ላሳልፍልህ» የሚል ሰው ከመጣ፣ ወረቀቱን ሊሸጥላችሁ ይችል ይሆናል፤ ፍሬን ግን አይሸጥም።

የቤት ሥራ

ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሰጠሁት ሥራ ይህ ነበር። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አባት ወይም አጎት አብሮ ሳለ፣ ጎማው ጎን ላይ በላቲን «ዲ፣ ኦ፣ ቲ» ከሚሉት ፊደላት በኋላ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት አኃዞች ፈልጉ። 2319 ካለ ጎማው የተሠራው በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፤ ሳምንቱ ከመስከረም በኋላ ከዋለ 7 ቀንሱ። አራቱ አኃዞች በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፉ ስለሚችሉ ካጣችኋቸው በሌላው ጎን እዩ።

ያ መጀመሪያ የጠየቀኝ ልጅ በማግሥቱ ሳይሆን በሳምንቱ፣ አባቱ ከሞጆ ሲመለስ፣ የጎማዎቹን ቁጥር በሙሉ በደብተሩ ጽፎ አመጣ። አብዛኞቹ አዲስ ነበሩ። ከተሳቢው ጎማዎች ሁለቱ ግን 4109 ይላሉ። ዓመቱን ሰሌዳ ላይ አብረን አሰላነው፤ 2002 ዓ.ም. መጣ። ልጁ የራሱን ዕድሜ ቆጥሮ፣ «ከእኔ ይበልጣሉ» አለ። በዚያን ቀን ማንም አልሳቀም። በነጋታው ጠዋት አባትየው ሽርጡን እንደታጠቀ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና፣ «መምህር፣ ያ አራት ቁጥር በእርግጥ ዓመተ ምሕረት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።